በፖስታው አፍ ላይ ያለው አሻራ

ስልኬ ተመለሰልኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ፈርመን ተቀበልን። እናቴ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሳቅሽን ቀንሺ፣ ሰው ያየናል ብላኛለች፤ እኔ ግን አፌን መሰብሰብ አቃተኝ።

የደስታዬ ምክንያት ስልኩ እንዳይመስላችሁ። ስልኩ አሮጌ ነው፣ መስታወቱም ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ያስደሰተኝ የገባበት ቡናማ ፖስታ ነው። አፉ እንደታሸገ ነው። በአፉ ላይ የፈረምኩት ፊርማና ከጎኑ ያለው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ እዚያው ናቸው። አሻራው መሃሉ ላይ ሰያፍ ነጭ መስመር አለበት። ቤት እንደደረስን መስኮት ሥር ወስጄ አየሁት። መስመሮቹ ከላይኛው ወረቀት ወደ ታችኛው ሲሻገሩ አንዷም አልተዛነፈችም። ሙጫ ተደርቦበት እንደሆነም በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ሞክሬያለሁ። አትፍረዱብኝ፤ መጠራጠር የተማርኩት እዚያው ነው።

የማን አሻራ እንደሆነ ልንገራችሁ። ስም ግን አልጠራም፤ የሰውም፣ የታሰርኩበት ግቢም።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ቤት እየሄድኩ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ከተማ ሊገባ ሲል ፍተሻ ላይ አስወረዱን። የተለመደ ነው፤ ሰው መታወቂያውን ያሳያል፣ ይፈተሻል፣ ተመልሶ ይገባል። እኔም የተማሪ መታወቂያዬን ሰጠሁ። የተቀበለኝ ሰውዬ መታወቂያዬን አየ፣ ከኪሱ ያወጣውን ወረቀት አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"አንቺ እዚህ ቆዪ" አለኝ።

ሚኒባሱ ለአክስቴ የያዝኩላትን ድንች ጭኖ ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰዓት ያሳሰበኝ ድንቹ ነበር።

ወስደው ያሰሩኝ ክፍል ግድግዳው እስከ ትከሻዬ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ነጩ ላይ በሚስማር የተጫሩ ስሞች አሉ። እርጥብ ሲሚንቶና የልብስ ሳሙና ይሸታል። ለደሴ ብርድ ብዬ የለበስኩት ወፍራም ሹራብ በኮምቦልቻ ሙቀት አንገቴን እያሳከከኝ፣ ለማውለቅ ግን ፈራሁ። ሁለት ሴቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንደኛዋ ከደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት እያወረዱ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸው ነበር። ሌላዋ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሯል።

ብዙም ሳልቀመጥ መርማሪው አስጠራኝ። ነገሩ የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አድሚኗም እኔ ነኝ። የባዮሎጂ ማስታወሻ የምንለዋወጥበት ነው። በዚያ ሳምንት አንድ የአበባ ፎቶ ያለው አካውንት የወታደር መኪኖች ቁልቁለቱ ላይ ቆመው የሚያሳይ ፎቶና የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓት ለጠፈበት። እኔ ያየሁት በማግስቱ ነው። እንዳየሁት አጠፋሁት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እኛ ቤት ችግር የሚመስል ነገር ሲመጣ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ጠርጎ ዝም ማለት።

መርማሪው አልጮኸብኝም። "ካላወቅሽው ለምን አጠፋሽው?" አለኝ።

ማጥፋቴ ንጹሕ መሆኔን የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር። ለእሱ ደግሞ መደበቅ ነበር።

ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የመክፈቻ ቁጥሩን ጠየቀኝ። አይተን እንመልስልሻለን አለ። ላስብበት አልኩት። "አስቢበት" አለኝ በጨዋ ድምፅ። ጨዋነቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

የማስበው ስለ ግሩፑ አልነበረም። እዚያው ስልክ ውስጥ የአንዲት ጓደኛዬ መልእክቶች አሉ። እንጀራ አባቷ ይደበድባታል። የበለዘ ክንዷን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ሌላ ከተማ ያለች አክስቷ ጋ መቼና እንዴት እንደምትሄድም ጽፋልኛለች። ሰውየው የሚውለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ግቢ ሰዎች ጋር ሻይ ይጠጣል፤ አይቼዋለሁ። ቁጥሩን ከተናገርኩ ወሬው ማታውኑ ቤቷ ይደርሳል። ይህን ስጽፍ አስፈቅጃታለሁ፤ አሁን አክስቷ ጋ ናት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ እማማ ቦታ ለቀቁልኝ። "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ስልክሽ ውስጥ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የጨነቀሽ?"

ደነገጥኩ። ስለ ስልክ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ምንም የለበትም አልኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

እሑድ እማማን ሁለት ጊዜ አስጠሯቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ትኩስ ዳቦ በነጠላቸው ጠቅልለው ተመለሱ። እስረኛ ትኩስ ዳቦ ከየት ያመጣል? ቆርሰው ሰጡኝ፤ ጠገብኩ ብዬ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም። ከሶላት በፊት ለውዱእ ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሲወጡ የፋብሪካዋ ልጅ ጠጋ ብላ፣ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ አፍሽን ጠብቂ አለችኝ። እሷ ደግሞ ውሃ ለመቅዳት ስትወጣ እማማ በተራቸው፣ ያቺ ልጅ ጥያቄ ታበዛለች፣ ተጠንቀቂ አሉኝ። ኋላ እንደሰማሁት ሁለቱም የተጠራጠሩት እኔን ነው። ስልክ የተያዘባት የደሴ ተማሪ እኛ ጋ ለምን ተቀላቀለች ይሉ ነበር። ሦስታችንም እርስ በርስ እየተጠራጠርን፣ አንዱን ጀሪካን ውሃ በየተራ እንጠጣ ነበር።

መጀመሪያ ምስጢሬን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያስገደደኝ የፋብሪካዋ ልጅ እጅ ነው። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ወደ ሥራ በሰርቪስ እየሄዱ ሳለ አንዷ ስልኳን አይታ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ብላ ጮኸች። እንዲህ የሚል መልእክት ደርሷት ነበር። ሰው እየተረጋገጠ በበሩም በመስኮቱም ዘለለ። ተኩስ አልነበረም። የእሷ እጅ ግን ተሰበረ። የታሰረችው በሌላ ነገር ነው፤ የፋብሪካው በር ላይ ከጥበቃ ጋር ተጣልታ።

"እና እኔ መርማሪ ብሆን ያንቺን ስልክ አስከፍት ነበር" አለችኝ፤ እማማ ስለ ስልኬ ሲጠይቁኝ ሰምታለች። "አትቀየሚኝ። ያን መልእክት የጻፈውን ሰው ባገኘው በጀሶዬ ነው የምመታው።"

ጀሶዋን አየሁ። የተናገረችው እውነት ነው። ያ ፎቶ እኔ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሌሊት ሙሉ አድሯል፤ ማን እንዳየው፣ ማን ምን እንዳደረገበት አላውቅም። ቁልቁለቱ ላይ ሰው ቢሞት ኖሮስ? ግን የጓደኛዬ ክንድስ? ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ግሩፑንም ጓደኛዬንም፣ ስሟን ብቻ አስቀርቼ፣ ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ራሱ በሩን አይ ነበር።

እማማ ስለ ራሳቸው ቤት ፍተሻ ነገሩን። የወንድማቸው ልጅ ይፈለጋል፤ እሳቸውም የታሰሩት የት እንዳለ ተናገሩ ተብለው ነው። ፈታሾቹ ሁለት ጎረቤት ምስክር አቁመው ገቡ። አንዱ የእማማን ሳጥን ሊከፍት ጎንበስ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ከፈናቸው አለ፤ ዘመድ ከመካ ያመጣላቸው፣ በተቀደሰው የዘምዘም ውሃ የታጠበ፣ ሲሞቱ የሚለብሱት።

"'ልጄ፣ የምትፈልገው ሰው እዚህ ውስጥ አይተኛም' አልኩት። 'ማየትህ ግን ካልቀረ እኔ ላውጣልህ፣ አንተ ቁመህ እይ።' አንድ በአንድ እያራገፍሁ አሳየሁት። ከፈኑ ጋ ስደርስ ጫፉን ብቻ አነሳሁለት። 'ይበቃል እማማ' ብሎ ወጣ።"

የፋብሪካዋ ልጅ ሳቀች። "የርስዎን ሳጥን ተሸክመውት አልሄዱም። የሷን ግን ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል።"

"እንግዲያ በእጇ ትክፈተዋ" አሉ እማማ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ሲያስጠራኝ፣ ግሩፑን ላሳይዎት ፈቃደኛ ነኝ አልኩት። በእጄ ከፍቼ፣ ግሩፑን ብቻ፣ ሁለት ምስክር ባለበት። ምስክሮቹም አብረውኝ ያሉት ሴቶች ይሁኑልኝ።

"ፊልም ታበዢያለሽ መሰለኝ" አለ። ግን አስጠራቸው። ለምን እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት ደክሞት ነው። ምናልባትም የሚፈልገው እውነት የአበባውን አካውንት ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ለሱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነካሁ። ግሩፑን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት፤ እጄ ግን ከስልኩ ላይ አልተነሳም። ከአባላቱ ዝርዝር የአበባውን አካውንት አሳየሁት፤ መቼ እንደገባ፣ ማስታወሻ አንዴም ልኮ እንደማያውቅ ነገርኩት። በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳው። ባየሁት ዕለት መናገር ነበረብኝ፣ ይህ ጥፋቴ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት።

"የቀረውስ?"

"የቀረው የሌላ ሰው ነው" አልኩት። "የዳኛ ወረቀት ሲያመጡ፣ እናቴ ባለችበት እከፍታለሁ።"

ስልኩ እዚህ ይቆያል አለኝ። እንግዲያው ይታሸግልኝ፣ አፉ ላይ ልፈርም አልኩት። አሁን ግን ትዕግሥቱ አለቀ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ልጄ፣ ፖስታ ማለት እኮ ወረቀት ነው። ምን ይጎዳሃል? ለአንተም ኋላ ከሐሜት ያድንሃል።"

ፖስታ መጣ። ስልኬ ገባ፣ ተለጠፈ፣ ፈረምኩበት። ምስክር ይፈርም አለ። የፋብሪካዋ ልጅ ጀሶዋን አንስታ፣ በግራ እጄ ከፈረምኩ አስመስላ ፈረመች ብላችሁ እንደገና ታስሩኛላችሁ አለች። መርማሪው ሳይፈልግ ፈገግ አለ። እማማ ቀለሙን ነክተው አውራ ጣታቸውን በፖስታው አፍ ላይ፣ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች እንዲያርፍ አድርገው ተጫኑት። ድሮ ማጭድ የቆረጣቸው ጠባሳ ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ። ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ "አሁን ሳጥንሽ ተቆልፏል" አሉኝ።

ማክሰኞ ለቀቁኝ። ስወጣ ሹራቤን ለፋብሪካዋ ልጅ ትራስ ይሁናት ብዬ ተውኩላት።

የአበባው አካውንት የማን እንደነበር አልነገሩኝም። ግሩፑ ፈረሰ፤ ከእኛው መካከል ነው ብሎ ሁሉም አንድ በአንድ ወጣ። እስካሁን ክፍል ውስጥ ስቀመጥ የጎረቤቶቼን ስልክ በዓይኔ አያለሁ፤ የማን ፎቶ አበባ ነው እያልኩ። እማማም ቢሆኑ ያን ዳቦ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ለኔ የቆሙልኝ ሰው ናቸው፤ ግን የምጠረጥራቸውም እሳቸውን ነው። ምስጋናና ጥርጣሬ በአንድ ሆድ ውስጥ እንደሚኖሩ ያኔ አላውቅም ነበር። ስለ መርማሪውም እንደዚያው ነው። ፖስታውን ሳይከፍት መልሶልኛል። ስለ መንገዱ መጠየቁም ልክ ነበር፤ ያችን የተሰበረች እጅ ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው። የጓደኛዬ መልእክት ያለበትን ቀሪውን ግን መጠየቅ አልነበረበትም።

ይህን ጽሑፍ አስተማሪዬ አንብባው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለሰው አንብቢው ብላኛለች። እጽፋለሁ እንጂ ሰው ፊት አነባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አሁን ግን አነባለሁ። ስለዚህ ኑ። ከደሴ ፒያሳም፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈርም፣ ከኮምቦልቻም ኑ። ስትገቡ አንድ በአንድ ባያችሁ እንዳትቀየሙኝ። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ አስቀምጡት፤ ማንም አይነካውም። ፖስታውን ይዤው እመጣለሁ፤ ገና አልከፈትኩትም። እዚያው በእጄ እከፍተዋለሁና ከእናንተ መካከል ሁለት ምስክር ያስፈልገኛል። እማማም ተፈትተዋል ሲሉ ሰምቼ በጎመን ነጋዴዎቹ በኩል መልእክት ልኬላቸዋለሁ። ከመጡ የፊት ወንበር የሳቸው ነው፤ ስለ ዳቦውም እጠይቃቸዋለሁ።