በካትማንዱ ቱሪስት የሆንኩበት ሳምንት

ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል ሳጸዳ ሰባት ዓመት አብራኝ የሠራችው ሴት ኔፓላዊት ነበረች። እኔ ከአዲስ አበባ በዲቪ መጣሁ፣ እሷም ከካትማንዱ በዲቪ መጣች። ትልልቆቹን ክፍሎች ሁለት ሁለት እየሆንን ስለምናጸዳ ከገዛ ልጄ ይልቅ ከእሷ ጋር የማሳልፈው ሰዓት ይበልጥ ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። ቢሆንም እሷ ካልጋው ወዲያ እኔ ወዲህ ሆነን አንሶላ ስንዘረጋ ያላወራነው ነገር የለም። ባል አልነበራትም፣ ልጅም አልወለደችም። አገሯ የቀሩት እናቷና አንድ ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነበሩ።

«አገሬን አሳይሻለሁ» ትለኝ ነበር። ለፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ ሁለታችንም እረፍት ጠየቅንና ተፈቀደልን። የምንሄድባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ነግራኛለች፦ መጀመሪያ ስቱፓ የሚሉት ትልቁ ነጭ የቡድሃ መቅደስ፣ ቀጥሎ ዝንጀሮዎቹ ያሉበት ኮረብታ፣ ከዚያ የድሮ ነገሥታት አደባባይ፣ መጨረሻ ላይ ወንዙ ዳር ያለው ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ቤተ መቅደስ።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እዚያ ገብቼ ምን እሠራለሁ?» አልኳት።

«አታስቢ፣ የመጨረሻውስ አያስገቡሽም» ብላ ሳቀች።

መጋቢት ላይ በኮሮና ከተማው ተዘጋ። ሌት ተቀን ክፍት ስለነበሩ አንዳንዶቹ የካዚኖ በሮች ቁልፍ እንኳ አልነበራቸውም፤ ጣውላ መቱባቸው። ሁላችንንም አሰናበቱን። እሷ መኪና ስላልነበራት ምግብ የሚታደልበት ሰልፍ የምንሄደው በእኔ መኪና ነበር፤ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። በመጸው መልሰው ጠሩን። ታኅሣሥ ሲጋመስ ማሳል ጀመረች።

ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ። አራቱንም መስኮት ከፍቼ ከኋላ አስቀምጬ፣ በዚያ ብርድ፣ ሆስፒታሎቹ ወዳሉበት ሜዲካል ዲስትሪክት ወሰድኳት። በር ላይ አንድ ሰው በእጁ እኔን አቁሞ እሷን አስገባት። ቻርጀሯንና ነጠላ ጫማዋን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ነበር። ዞር አለችና «ለሱፐርቫይዘሯ ንገሪያት፣ ነገ አልገባም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በአካል አላየኋትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ነርስ ደወለችልኝና በታብሌት አሳየችኝ። አፏ ውስጥ ቱቦ ነበር፣ ዓይኗ ተጨፍኗል። ነርሷ «ትሰማሽ ይሆናል፣ አናግሪያት» አለችኝ። እንግሊዝኛው በሙሉ ጠፋብኝ። በአማርኛ ነው ያናገርኳት፤ ምን እንዳልኳትም አላስታውስም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሞተች።

ሆስፒታል ስትገባ ፎርሙ ላይ የሞላችው የእኔን ስልክ ነበር። ለወንድሟም ያረዳሁት እኔ ነኝ። አስከሬን መላክ በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበርና እዚሁ እንድትቃጠል ፈረመ፤ ልማዳቸውም ነው። አመዷን እኔ ተረከብኩ። ከጫማ ካርቶን ያነሰ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ሲያነሱት ግን ይከብዳል። እኛ ሙታናችንን አፈር የምናለብስ ሰዎች ነን። መኪናዬ ውስጥ ይዤው ቁጭ ብዬ የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። ቤት ገብቼ ክሎዜት ውስጥ፣ ልብስ መስቀያው ሥር፣ ልከተው ስል ልጄ አየችኝ። እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት።

«ማሚ፣ ክሎዜት ኖት ኦኬ። ሰው ናት» አለችኝ። «የእኔ ሩም ትሁን።»

የመጽሐፍ መደርደሪያዋ ላይ አስቀመጠችው። አሥር ወር እዚያ ቆየ።

በ2021 መጸው ኔፓል በሯን እንደገና ስትከፍት እረፍት ወስጄ፣ ሣጥኑን በልብስ ጠቅልዬ፣ ወረቀቱን ሁሉ ይዤ በረርኩ። ወንድሟ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። ቀጭን፣ ፊቱ እሷን የሚመስል፣ እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «እህቴ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለኝ። «እናታችን አታውቅም።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አስረዳኝ። እናትየው የልብ ሕመምተኛ ናቸው፣ ሐኪም ድንጋጤ ከልክሏቸዋል። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከልጃቸው ጋር በስልክ የሚያገናኛቸው ድሮም እሱ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ያንኑ ቀጠለ። በየሳምንቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርግና «ደህና ነኝ ትልሻለች፣ ሥራ በዝቶባታል» ይላቸዋል።

«አሥር ወር?» አልኩት።

«ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው አሥር ወር የሞላው።»

ልቆጣው አልቻልኩም። እኛም መርዶ እንደብቃለን። እዚያው ሆቴል አንዷ ባልደረባችን አባቷ መሞቱን ሁላችን ሰምተን፣ ሺፍቷን እስክትጨርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ምሳ አብሬያት በልቻለሁ።

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ቱሪስት ሁኚ። ጓደኛዋ ነኝ፣ ሥራ ስለያዛት ብቻዬን መጣሁ በያት።»

አመዱ ወንዝ ውስጥ የሚገባበትን ቀን ቄሳቸው ቆርጦ ነበር፤ ስድስት ቀን ይቀረዋል። ሣጥኑን ከነሻንጣዬ ያረፍኩበት ክፍል ትቼ ወደ እናትየው ቤት ሄድን።

ትንሽዬ አሮጊት ናቸው። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፣ ወንድምየው እያስተረጎመ። ልጄ ወፍራለች? የታመመ ጥርስ ነበራት፣ አስነቀለችው?

ስለ ጥርሱ ምንም አላውቅም። «አዎ፣ አስነቅላዋለች እማማ» አልኩ። ውሸቱ እንዲህ ቀላል ሆኖ ተጀመረ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጉብኝት ወጣን። ማየት ነበረብን፤ ስንመለስ ይጠይቁናላ። ነጩ ስቱፓ ከሩቅ እንደ ኮረብታ ይታያል። ከጉልላቱ በላይ በአራቱም አቅጣጫ ዓይን ተሥሎበታል። ሰው ጸሎት የተጻፈባቸውን የናስ በርሜሎች በእጁ እያሽከረከረ ይዞረዋል። ወንድምየው ስንት ዘመኑ እንደሆነና ማን እንዳሠራው በደረቀ ድምፅ ይነግረኛል፤ እኔ ፎቶ አነሣለሁ። ሁለታችንም እንደ ሥራ ነው የያዝነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛውን ዙር ስንጀምር፣ ቆም አለና «እዚህ ጋ ነው አይስክሬም የምትገዛልኝ» አለ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

«ዛሬ ምን አያችሁ?» አሉ እናትየው ስንገባ። ስልኬን ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው ፎቶዎቹን አዩ። «በየት በኩል ዞርሽ?» አሉኝ። ስቱፓውን ወደ ቀኝሽ አድርገሽ ነው የሚዞረው፣ አለዚያ ዋጋ የለውም፣ አሉ። እንደዚያው ነው የዞርኩት ስላቸው ደስ አላቸው።

በሁለተኛው ቀን ኮረብታው ላይ ወጣን። ደረጃው ማለቂያ የለውም፤ ግራና ቀኝ ዝንጀሮ ነው። አንዱ ከእጄ ብስኩት ነጥቆኝ ሮጠ፤ ከት ብዬ ሳቅኩ። ወንድምየው አብሮኝ ሊስቅ ጀመረና ተወው፤ ደረጃውን መውጣት ቀጠልን። ያን ቀን እናትየው ልጃቸው በስድስት ዓመቷ ከዚያ ደረጃ ወድቃ አገጯ እንደተሰነጠቀ አጫወቱኝ። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ሳየው ኖሬ ከየት እንደመጣ ጠይቄያት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን የነገሥታቱ አደባባይ ሄድን። ከስድስት ዓመት በፊት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳቸው መቅደሶች ገሚሶቹ በአዲስ ጡብ ተሠርተዋል፣ ገሚሶቹ በግንድ ተደግፈው ቆመዋል። የተቀረጸ የእንጨት መስኮት እያየሁ ቆሜ እንዴት እንደምተርክላቸው ሳሰናዳ ለራሴ ታወቀኝ። እውነቱን ለመናገር ማታ ማታ የምናወራው ወሬ ይናፍቀኝ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ሲጠይቁ እኔ ስመልስ፣ ጓደኛዬ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የደሞዝ ጭማሪ አግኝታለች፣ መኪና መንዳት ተምራለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመጣለች። ይህን ሁሉ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሟ አላዘዘኝም። አንዳንዱን ሲያስተረጉም ድምፁ ይሰበር ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ለእናትየው ፓሹፓቲናትን፣ ወንዙ ዳር ያለውን የሺቫ ቤተ መቅደስ፣ ልናይ እንሄዳለን አልናቸው፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ሣጥኑን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁና መግቢያው ላይ ለወንድሟ ሰጠሁት። እሱ በቄሱ ታጅቦ በቤተ መቅደሱ በኩል ወደ ወንዙ ወረደ። ዋናው ቤተ መቅደስ ከሂንዱ በቀር ማንንም አያስገባም። እኔ ድልድዩን ተሻግሬ ማዶ ቱሪስቶች የሚቀመጡበት የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንዙ ጠባብ ነው፣ ውሃውም ትንሽና ጥቁር። ወዲያ ማዶ ሁለት አስከሬን እየነደደ ነበር። ጭሱ ወደ እኛ ይመጣል፤ ሽታውን አልጽፈውም። አጠገቤ ያሉት ሰዎች በትልልቅ ካሜራ ያነሣሉ። ወንድሟ ጫማውን አውልቆ ውሃው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ አየሁት። ሣጥኑን ከፈተ።

በዚህ መካከል አንድ አስጎብኚ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። ሳልጠይቀው ያስረዳኝ ጀመር። «ያ ሰውዬ ይታይሻል?» አለኝ። «የያዘው የዘመድ አመድ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ይመስላል፣ በሣጥን ሲሆን ከውጭ ነው። አሁን አበባ ይጨምራል፣ ከዚያ ሩዝ።» እንዳለውም አበባ ጨመረ፣ ሩዝ ጨመረ። «ፎቶ ማንሣት ትችያለሽ፣ አይቆጡም» አለኝ።

«አውቃታለሁ» ልለው ፈልጌ ነበር። ፀሐዩ የከበደኝ መስሎት ይሁን እንጃ፣ ውሃ ልግዛልሽ አለኝና ተነሥቶ ሄደ። ባዕድ ቤተ መቅደስ ፊት ማማተብ ይገባ አይገባ እንጃ፤ አማተብኩ። አመዱ ትንሽ ነጭ ሆኖ ውሃው ላይ ቆየና ከሌላው ጋር ተቀላቀለ።

ወንድሟ ተሻግሮ ሲመጣ እጁ አሁንም እርጥብ ነበር። ቤት ስንደርስ እናትየው ሻይ አስቀርበው ይጠብቁናል።

«ዛሬ ምን አያችሁ?»

ወንድምየው ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ስለ ወንዙ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ደረጃው ነገርኳቸው።

«ለልጄ ጸለይሽላት?»

«ጸለይኩላት እማማ።»

ስሰናበት በእጃቸው የሠሩትን ቀይ ሹራብ ሰጡኝ፣ ለልጄ አድርሺልኝ ብለው። ተቀበልኩ። ላለመቀበል ምን ምክንያት ልስጥ?

ቬጋስ ተመልሼ ሥራ ከጀመርኩ አንድ ወር ሳይሞላ ወንድሟ ደወለ። እሱ አልነገራቸውም፤ አንዲት ጎረቤት ያወቁ መስሏት ገበያ ላይ አጽናናቻቸው። ልባቸው አልቆመም። ሐኪሙም እሱም የፈሩት አልደረሰም። ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ እኔ ነበር።

«ያቺ ሴት እዚህ ተቀምጣ ሻዬን ስትጠጣ ልጄ የት ነበረች?»

«ያረፈችበት ክፍል፣ ሻንጣዋ ውስጥ» ብሎ እውነቱን ነገራቸው። እሱን ልጃቸው ነውና ይቅር አሉት። እኔን ግን አላሉኝም። «ልሰናበታት እችል ነበር፤ በር ላይ ደርሳ ነበር» አሉ አለኝ። ልክ ናቸው። ከሞት እንጠብቃቸው ብለን አንድ እጅ የሚያህል አመድ ላይ እጃቸውን እንዳይጭኑ ከለከልናቸው።

በሳምንቱ ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ ብሎ በቪዲዮ ደወለ። የሠራተኛ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፣ ሺፍቴ ሊጀምር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። በእነሱ ልማድ የሐዘን ልብስ የሆነውን ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰላም አላሉኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስትሞት ማን አጠገቧ ነበር ትልሻለች» አለ ወንድሟ።

ሌላ መልስ መስጠት እችል ነበር። እጇን ይዤ ነበር ብል ማንም አያፋጥጠኝም።

«ከዘመድ ማንም» አልኩት። «አላስገቡኝም። ነርስ ነበረች፣ እሷንም አላውቃትም።»

ወንድሟ ወደ እናቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ነገራቸው። እኔ የተናገርኩት አጭር ነበር፤ እሱ ግን ብዙ ተናገረ። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን አዞሩ። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስልኩን ዘግቼ ማስኬን አደረግኩና ወደ ሥራ ገባሁ።