ፋዱሞ ያላስቆጠረቻቸው አባቶች

የድሬ ቀፊራ ገበያ ልብስ ሻጮች ሁሉ ምላስ አላቸው፤ የፋዱሞ ምላስ ግን ወላሂ ለብቻው ግብር ሊጣልበት የሚገባ ነበር! ሽቲዋን፣ ያንን ስስ ቀሚስ፣ ዘርግታ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚዋን ትይዛለች። «ነይ አንቺ ቀጭን፣ ይቺን ልበሺና ባልሽን ባቡር ያምልጠው!» ገዢዋ እየሳቀች ትገዛለች። ሳትገዛ የሄደችውንም በባዶ አትሰድም፦ «ሂጂ አቦ፣ የድሬ ፀሐይ ታልብስሽ!»

ከዚህ ሁሉ ሳቅ ሥር ግን አንድ ያልበረደ ፍም ነበራት። ባሏ አብዲራህማን፣ ልጃቸው ናፊሳ ገና ጡት ሳትጥል፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከዚራ ሰፈር ገባ። ፋዱሞ ፍቺውን ተቀብላ ከልጇ ጋር ከወንዙ ወዲህ መጋላ ቀረች። ቂሙን ግን እንደ ልጅ አዘለችው፤ አሳደገችውም።

ሶማሌ ልጁን ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት አባቶቹን ያስቆጥራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ልጁ እስከ ጎሳው መነሻ ይወጣል፤ አንድ ስም ከዘለለ ነውር ነው። የሚቆጠረው ደግሞ በአባት በኩል ነው እንጂ በእናት አይደለም። ፋዱሞ ይህን አጥታው ነው? አላጣችውም። እያወቀች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ናፊሳን በአብዲራህማን አባቶች ፈንታ የገዛ ራሷን አባቶች አስቆጠረቻት። ልጅቱም ጎበዝ! ገመድ እየዘለለች ሁሉንም ታንበለብላቸዋለች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዝም አላሉም። «ፋዱሞ፣ ልጅ በእናቷ አባት ስትቆጠር የት አገር አየሽ?»

«ሌሊት ያዘለ ነው የሚቆጠረው! እሱ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይቁጠር!» ትላቸዋለች። አብዲራህማን ልብስ ሰፊ ነበር።

የግድግዳ ጎረቤቷ ተሻለች፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት፣ በዚህ ነገር ትስቅ ነበር። «እኔ እኮ ከአያቴ ወዲያ ማንንም አላውቅም። ምን ጎደለኝ?»

«እናንተን ደገኞቹን ማን ይጠይቃችኋል!»

ናፊሳ አደገች፤ ወርሳሜ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ወርሳሜ የፋዱሞ ጎሳ ሰው ነው፣ ኢሳቅ። ወደ ሐርጌሳ ይዟት ሲሄድ ፋዱሞ «ልጄ ወደ ሰዎቿ ገባች!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት ታረቁ፤ አንዱ የሌላውን ሸማቂ ላያስጠጋ ተማማሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጠጊያ ያጡት የኢሳቅ ተዋጊዎችም ግንቦት ላይ ሐርጌሳ ገቡ። የሶማሊያ መንግሥት ግን ተዋጊን ከሸክላ ሠሪ፣ ጠመንጃ የያዘን ጡት ከምታጠባ አልለየም። ኢሳቅ የተባለውን ሁሉ ሊጨርስ ተነሣ። አውሮፕላኖቹ ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቧት። ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ።

ቀፊራ ላይ ሳቅ ጠፋ። ፋዱሞ ሽቲዋን ሳትዘረጋ ከጅጅጋ የሚመጡት መኪኖች ዘንድ ትሄዳለች፤ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ናፊሳ የለችም። ያም ሆኖ ተስፋዋን ይዛለች፤ የተስፋዋም ስም፣ ጉድ በሉ፣ አብዲራህማን ነበር! አብዲራህማን የሌላ ጎሳ ሰው ነው፤ ወታደሮቹ የማይነኩት ጎሳ።

«ናፊሳ እኮ በአባቷ የእነሱ ጠላት አይደለችም» አለቻት ለተሻለች። «ልጅ የአባቷ ናት። አይነኳትም።» ይህን ከአፏ ስትሰማ ተሻለች ተገርማ አየቻት።

ወርሳሜ የመጣ ዕለት ብቻውን ነበር። ከሰል ጭኖ ከመጣ መኪና ላይ ወረደ፤ እግሩ አብጧል፣ ሸሚዙ አንድ እጅጌ የለውም። ፋዱሞ ቤት አስገባችው። ተሻለችም ተከትላ ገባች።

«ናፊሳስ?»

«ሆዮ… ቦምብ ነው። ቤቱ ላይ ወደቀ።»

ሆዮ ማለት እማዬ ማለት ነው፤ አማቱን እንዲያ ነበር የሚጠራት። ፋዱሞ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረች። «ገበያ ላይ ከስንት ውሸታም ጋር ስከራከር የኖርኩ ሴት ነኝ። አንተ ደግሞ አትችልበትም። ንገረኝ።»

ወርሳሜ መሬት መሬት እያየ ነገራት። ከከተማው ሲወጡ ኬላ ላይ ወታደሮች አስቆሟቸው። ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ። ወረቀት የጠየቀ የለም፤ አባቶችህን ቁጠር ነው። እሱ በሹፍርና አገሩን ሁሉ ሲዞር የስንቱን ጎሳ ቆጠራ ለምዷል፤ የሌላ ጎሳ ሰው አባቶችን የራሱ አስመስሎ ደረደረና አለፈ።

«የውሸት አባቶች ቆጥሬ አለፍኩ፣ ሆዮ። እሷ እውነተኛ ነበሯት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ናፊሳ አብዲራህማን አለች። የአያቷንም ስም ጠራች። ወታደሩ ቀጥዪ አላት።»

ፋዱሞ እጇን ከአገጩ አነሣች።

«ዝም አለች። እንደገና ቀጥዪ አላት። ከአያቷ ወዲያ የማታውቅ ሶማሌ የለችም፣ ይህች ስም ሰርቃ ነው ብሎ ሳቀ። ከመንገዱ ዳር ካሉት ሴቶች ጋር አቆሟት። ልመለስ ብዬ ነበር፤ ሰዎች ያዙኝ። ከዚያ ተኩሱን ሰማሁ።»

ተሻለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። ፋዱሞ እንባ አልወጣትም። የማድጋውን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ደግሞ ከፈተች።

«እህቴ» አለቻት ተሻለች፣ «የገደሏት እነሱ ናቸው። ስም ስለጎደለ ሰው ይገደላል? አንቺ ምን አደረግሽ?»

«እነሱ ናቸው የገደሏት። አውቃለሁ» አለች ፋዱሞ። «ግን አንበለብላ ልታልፍ ትችል ነበር፣ ተሹ። ያቺ ልጅ ትችል ነበር!»

ጨርቋን ተከናንባ ወጣች። ተሻለች ልትከተል ስትል በእጇ መለሰቻት። ከተፋቱ ወዲህ ረግጣው ወደማታውቀው ወደ አብዲራህማን ደጃፍ፣ ወደ ከዚራ ሄደች።

አብዲራህማን ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆኖ አያት። ፀጉሩ ሸብቷል። መጀመሪያ አላወቃትም፤ ሲያውቃት እግሩ ከመርገጫው ላይ ቀረ።

«ናፊሳ ሞታለች» አለችው። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ኬላውን፣ ወታደሩን፣ ዝምታውን። ለራሷ አላደላችም።

አብዲራህማን የሚሰፋውን ጨርቅ ከመኪናው ላይ አነሣ። «ስሜን ጠራችው?»

«ጠራችህ። አንተንም፣ አባትህንም። ከዚያ ወዲያ ያሉትን የከለከልኳት እኔ ነኝ። በንዴቴ። በል ስደበኝ። አውጣውና ስደበኝ!»

አብዲራህማን አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አውርዶ በእጁ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ መልሶ ጠቀለለው።

«አንቺስ ተናደሻል» አላት። «እኔ ምን ሆኜ ነው? ይህን ያህል ዘመን እዚሁ ድሬ ተቀምጬ አንድ ጁምዓ እንኳ ተሻግሬ፣ ነይ ልጄ እንቁጠር አላልኳት። ያገደኝ ደቻቱ ነው እንዳልል፣ ወንዙ ውሃ የለውም፣ ፋዱሞ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው።»