ከስለት ቤት የገባው ቅቤ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላው ግን ይህ ነበር። የእናንተን ፊት አላየውም፤ ምናልባት የደፈርሁት ለዚህ ይሆናል። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈምና አጻጻፌን ታገሱኝ።

በጣልያን ጊዜ ነው። ያ ዘመን ዛሬ ለእኔ የክረምት ጉም እንደሸፈነው ደጅ ነው። ሰው ብቅ ይላል፣ ሳልጠራው ይጠፋል። አንድ ሽታ ብቻ አልጠፋም። ጣፋጭ፣ መረር ያለ፣ ሞቅ ያለ ሽታ ነው። በእንቅልፌ ይመጣል፤ እሱን ተከትዬ እሄድና ሁልጊዜ ከእትዬ የሻረግ ደጃፍ ላይ እነቃለሁ።

ባለቤቴ በወባ ሞቶብኝ ከትንሿ ልጄ ከስመኝ ጋር ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻችንን ቀርተን ነበር። ስመኝ ደረቷ ደካማ ነው። ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ ስትነቃ ግንባሯን እዳስሳለሁ። ለእሷ ጉሮሮ ስል ከአንድ የጣልያን ሹም ማድ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ጎረቤት በፊቴ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ከኋላዬ የሚባለውን እሰማ ነበር፤ ወይም የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የሻረግ ብቻ አልራቁኝም። ሥራ ስሄድ ስመኝን ከደረታቸው ላይ አስተኝተው የሚውሉት እሳቸው ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታደለ ጣልያንን ሊወጋ ዱር ገብቷል። እሳቸውም ተስለዋል፤ ልጃቸው በሕይወት እስኪመለስ ሥጋም ወተትም ቅቤም ላይቀምሱ፣ ፋሲካ ቢሆን፣ ገና ቢሆን። ምራታቸው ውዴ፣ የታደለ ሚስት፣ አብራቸው ትኖር ነበር። ስለቱ የእሷ ባይሆንም የሚበሉትን ትበላለች። ሁለቱ ሴቶች ሽሯቸውን በኑግ ዘይት እየሠሩ ይጠብቁታል።

የጣልያኖቹ ገና የሚውለው እኛ ገና ጾም ላይ እያለን ነው። ሽማግሌው ወጥ ቤት ለበዓሉ ጥቁር ጣፋጭ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ቸኮላታ ይሉታል። በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ አቀለጠው፣ ሰፊ ትሪ ላይ አፈሰሰው፣ የተቆላ ለውዝ በተነበት። ሲፈስ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ያየ ኩሬ ይመስል ነበር። ሲረጋ በእጁ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየቀረፈ ሰባበረው። አንዱን አፌ ውስጥ ሊያደርግልኝ ሲል በሁለት እጄ ላም የማልብ መስዬ ወተት እንዳለበት ጠየቅሁት። እስኪያለቅስ ሳቀ። ወተት የለበትም አለኝ በእጁ። የተረፈውን ጥፍጥፍ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እኔም ለገና ለጎረቤቶቼ ጣፋጭ ልሥራ አልሁ። ለምን? ስጦታ ለመስጠት ነው ብል ይቀለኝ ነበር። እንዲወዱኝ ነው። የእኔ ልጅ ከልጆቻቸው ጋር እንድትጫወት ነው።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሰሊጥና ለውዝ ቆላሁ፣ ሸክላዋን ድስት በፈላ ውኃ ላይ አስቀምጬ ቸኮላታውን አቀለጥሁ። ቤቱ በዚያ ሽታ ሲሞላ ለአንድ አፍታ ጦርነቱም መበለትነቴም ከደጅ የቀሩ መሰለኝ። በዚህ መሐል ስመኝን ሳል ያዛት። ክዳኑን እንደያዝሁ ዘወር አልሁ። ከክዳኑ የእንፋሎት ውኃ ጠብ ጠብ ብሎ ገባበት፤ ያ የሚያበራ ነገር ወዲያው ጓጎለ፣ እንደ ጭቃ ሆነ።

ወጥ ቤቱ እንዲህ ሲሆንበት ቅባት እንደሚጨምርበት አይቻለሁ። የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ ዘቀዘቅሁት፤ ደርቋል። ለበዓል የገዛሁት ለጋ ቅቤ ግን በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ አጠገቤ ነበር። ነገ ሁሉም ሰው ይፈስካል ብዬ አሰብሁ። እትዬ የሻረግ ትዝ አሉኝ። ለእሳቸው ሌላ ነገር እወስዳለሁ አልሁና ቅቤውን ጨመርሁ። እኔ ጨመርሁት። ለስልሶ እንደ ቀድሞው አበራ፤ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ለየቤቱ አደልሁ። ልጆች ጣታቸውን እየላሱ ተከተሉኝ፣ ሰላምታ ነሥተውኝ የቆዩ ሴቶች ግቢ አሉኝ። ስመለስ ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ሆኖ ነበር። የእትዬ የሻረግ በር ክፍት ነው። ውዴን ከፊታቸው አስቀምጠው ፀጉሯን ቅቤ ይቀቧታል።

«ተይኝ እማማ፣ ለማን ብዬ ነው?» ትላለች።

«ባልሽ ድንገት ቢመጣ እንዲህ ተንጨባረሽ ያግኝሽ?» ይላሉ።

እኔን ሲያዩ ሳቁ። «ሰፈሩን ሁሉ አዳርሰሽ እኛን ዘለልሽን፣ ጥሩዬ?» አሉ።

በእጄ የቀረውን አየሁት። ማለፍ እችል ነበር። እውነቱን ብናገር ይስቁ ነበር። ቅጠሉን ዘረጋሁላቸው።

«ከነሱ ቤት ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ልጄን ዱር ለዱር ያሯሩጡታል፤ እኔም ትንሽ ልብላባቸው እንጂ።» አነሡና እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። «የጾም ነው?»

«የጾም ነው» አልሁ።

እንዴት አልሁ? ልጄን ያሳደጉልኝን ሴት ባዶ እጄን ማየት አፍሬ ነው? ወይስ ያን ጠዋት ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ ስላረፈደ አንዲት ምስጋና እንዳትቀርብኝ ሳስቼ? ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ። ፊታቸው ላይ የወጣት ሴት ፊት መጥቶ ሄደ። የቀረውን ለታደለ ብለው ውዴ በሙዳይ እንድታስቀምጠው ሰጧት። እሷም እጇን ታጥባ አንድ በአንድ ደረደረችው፤ ሙዳዩን ከምድጃው በላይ ሰቀለችው።

ከጥምቀት በኋላ ከደጀን በታች ካለው ቆላ መንገደኛ መጣ። ታደለ ወድቋል።

ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ አንድ ጠዋት ስገባ እትዬ የሻረግ ሙዳዩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ክዳኑ ተከፍቷል። ጥቁሩ ጣፋጭ በምድጃው ሙቀት ልቦ ነጭ ሽበት አውጥቷል፣ ቅባቱ የሙዳዩን ስንደዶ አርሶታል። በጣታቸው ነኩት። አሸተቱት።

«ቅቤ ነው» አሉ፣ በቀስታ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የጾም ነው ብለሽኝ የለም?»

ስመኝ ከጎናቸው ተኝታ ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። እውነቱን ብናገር ነገ ልጄን ማን ይይዝልኛል? ያሰብሁት ይህን ነው። ታደለን አይደለም፣ እሳቸውን አይደለም።

«የጾም ነው እትዬ። እኔስ ዘይት ነው ያደረግሁበት።»

ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ውዴ ራስ ሄደ።

«እጄን ታጥቤ ነበር እኮ፣ እማማ» አለች ውዴ።

«ከራስሽ ነው» አሉ። አልጮኹም። «በገና ዕለት የቀመስሁትም አንቺን ስቀባ እጄ ላይ የቀረውን ነው። ስለቴን አፍርሼ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ። አንቺ ግን ዓይኔ አይይሽ።»

ውዴ አየችኝ። የከሰሰችኝ አልመሰለኝም። አንዲት ቃል እንድጨምርላት የጠበቀች ብቻ መሰለኝ። እኔ የስመኝን ጋቢ አስተካከልሁ።

ውዴ ጉም ውስጥ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ደብረ ኤልያስ ስትሄድ ከአጥሬ ሥር ሆኜ አየኋት። ፀጉሯን በእንዶድ አጥባ አድርቃዋለች፤ የቅቤ ነጥብ አልቀረበትም። ጉሙ ዋጣት።

እትዬ የሻረግ እስኪሞቱ ጥሉላት አልነኩም፤ የፈረሰውን ስለት መካስ ነው ይሉ ነበር። ልጄንም ይዘውልኝ ኖሩ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» እያሉ ይመርቁኛል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ምርቃቱን እቀበላለሁ።

ጣልያን ከወጣ፣ እትዬም ካረፉ በኋላ አማኑኤል ገበያ ላይ ውዴን አገኘኋት። ቀድማ ሳመችኝ። የስመኝ ደረት ተሽሎት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ «እማማ ስሜን አንሥተው ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ» አልሁ። ያም ውሸት ነው። አንድም ቀን አላነሡትም። ጣፋጭ መስጠት ለምዶብኝ ኖሯል። ገበያው መሐል ቆማ ፈገግ አለች፤ እኔም ያን ፈገግታ ይዤ አመለጥሁ።

ቅቤ ሰው አይገድልም፤ ታደለን የገደለው ጥይት ነው እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን እኔ የምናዘዘው ስለ ታደለ ሞት አይደለም። አንዲት እናት ልጄን ገደልሁ ብላ እስክትሞት አየኋት፤ አንዲት ሴት ባላደረገችው ከቤቷ ስትወጣ አየኋት፤ ሁለቱንም በአንዲት ቃል ማዳን እችል ነበር። ለልጄ ስል ነው አልልም። ስመኝ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በእሷ ስም አልሸሸግም።

ውዴ፣ በሕይወት ካለሽ ማንም ያንብብልሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያን ጠዋት ዓይንሽ የለመነኝን ቃል ብቻ ልስጥሽ።

ቅቤውን የጨመርሁት እኔ ነኝ።