እጄ «ኤ» ያለችበት ዓመት

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ከእናቴ ትንሽ ሆቴል ጀርባ ባለው ግቢ ማታ ማታ ተረት ይነገር ነበር። የሚነግሩን ጎረቤታችን አባ ጉዮ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኡራን ከብት እየነዱ ሲሸጡ ኖረው፣ በስተርጅና ልጃቸው ዘንድ የገቡ ቦረና። አማርኛቸውን የለቀሙት ከገበያ ስለሆነ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይሉ ነበር፤ እኛ ግን ለምደነው ልብም አንለው። እናቴ እራት ሠርታ ስትጨርስ የከሰል ምድጃዋን፣ ጂኮዋን፣ ወደ ግቢው ታወጣልናለች። ያኔ ፍሙ ፊታችንን እያሞቀው፣ ኩራዙ እየጨሰ፣ የጋዙ ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ያድር ነበር።

አባ ጉዮ የማይለቁት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ከልጆቹ አንዱ ተቀባይ ይሆናል፤ እሳቸው አንድ ነገር ተናግረው ባረፉ ቁጥር ተቀባዩ «ኤ» ይላል። «ኤ» ካልተባለ ተረቱ ባለበት ይቆማል። ያን ዓመት ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም።

አንድ ማታ የፍየል ቆዳ ለብሶ ከፍየሎች ጋር የውሃ ወረፋ ስለያዘ ጅብ ሲነግሩን ድንገት አቁመው ትክ ብለው አዩኝ። ፊቴ ይጣመማል፣ ትከሻዬ ይዘላል፣ ቀኝ እጄ ሳላዘው ወዲያ ወዲህ ይላል። አባ ጉዮ ሲናገሩ እጃቸውን ማወናጨፍ ይወዱ ስለነበር የማሾፍባቸው መሰላቸው።

«ሽማግሌ ላይ የሚያሾፍ ልጅ ተረት አይቀበልም» አሉና ቦታዬን ለሌላ ልጅ ሰጡት። አላሾፍኩም ልል አፌን ብከፍት ምላሴ ተሳሰረብኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ተረት ሲነገር እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

እየቆየ ባሰብኝ። ሻይ ስይዝ ይደፋል፣ ስጽፍ እርሳሱ ከእጄ ይወረወራል፣ ስሄድ እግሬ ይከዳኛል። ከሆቴሉ ደንበኞች አንዱ ጂኒ ነው ሲል፣ ሌላው ድንበሩን አሻግረሽ ጠበል ውሰጃት ይላል። እናቴ ጠበሉንም አልተወች፣ ክሊኒኩንም አልተወች። ክሊኒክ ያገኘናት ሐኪም ካየችኝ በኋላ እናቴን «ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር?» አለቻት። አሞኝ ነበር፤ ከዚያም ጉልበቴ አብጦ ከርሞ ነበር። ያ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር መገጣጠሚያን፣ ልብን፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ይነካል አለችን። በምትሰጠን መድኃኒት እጄ ይመለሳል፤ ልቤ እንዳይጎዳ ግን ለዓመታት በየወሩ መርፌ መወጋት አለብኝ። እኔ መርፌውን እያሰብኩ ስነፋረቅ፣ እናቴ «ይመለሳል» የምትለዋን ቃል ይዛ ፊቷ በርቶ ወጣች።

የሆነውን ለአባ ጉዮ የነገረቻቸው እሷ ናት። የዚያኑ ዕለት ማታ ጓዳው በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ሃዳ ሰናይት» አሏት፣ የሰናይት እናት ማለታቸው ነው፤ «ልጅቷ የት አለ? ውጪ አምጣው።»

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ኤ» ማለት እንደማልችል በተኮላተፈ አፌ ነገርኳቸው።

«ምላስህ ቢተኛ እጅህ ይናገር የለም እንዴ? እሱ ይበቃኛል። ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ።»

«ዱሪ ዱሪ»፣ ድሮ ድሮ፣ ብለው እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ትንሽ ተናግረው ያርፋሉ፣ እጄ ብድግ ትላለች፣ ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ገና ሳይጨርሱ ሁለት ጊዜ ትዘልባቸዋለች፤ ያን ጊዜ ዘወር ብለው እጄን «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ይሏታል፣ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ትምህርት ቤት የምታሳፍረኝ እጅ ማታ ማታ ሥራ አገኘች።

መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እየሠራ ወራት አለፉ። አንድ ማታ አባ ጉዮ ተናግረው አረፉና እጄን አዩ። እጄ ጉልበቴ ላይ ተኝታለች። ልጆቹም አዩዋት። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ አሁን ቦታዬን ለሌላ ሊሰጡት ነው ብዬ። እሳቸው ግን ማንንም አልጠሩም፤ ጎንበስ ብለው ፍሙን ይቆሰቁሱ ጀመር። «ኤ» አልኩ በመጨረሻ። ቀጭንና ጠማማ ነበረች፣ ግን የኔው ድምፅ ናት። ተረቱ ቀጠለ።

መርፌውን እስካድግ ተወጋሁ፤ ልቤ ደህና ነው፣ ሆቴሉንም ዛሬ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ከተረቶቹ አብዛኞቹ እርስ በርስ ተቀላቅለውብኛል፣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዘንድ የቀረው፣ አንድ ሽማግሌ ተረታቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው እኔ እስክደርስ መጠበቃቸው ነው።