ሱባኤ የገባው ስልክ

እኔ የማንኩሳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደሉን ከአንድ የቄስ ልጅ ለቃቅሜ፣ ሒሳቡን ሰው በጣለው መጽሐፍ ብቻዬን ታግዬ ተማርኩ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጄ ስልክ ላይ አፍጥጣ ስትውል ሳይ ያንገበግበኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ቤት መጣች። የምትጽፈው ተማሪዎች በቴክኖሎጂ ስለ መማር ምን እንደሚያስቡ ነበር። የሞሉላትን መጠይቅ ተቀብዬ ስፌቱን ትቼ አነበብኩት። አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይዳረስ በስልኩ እንደሚያነብ ጽፏል። ሌላዋ ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቷም አብሮ እንደሚጠፋ። አንዱማ ስልክ የሌለው ተማሪ ከተማሪ አይቆጠርም ብሏል። ሁሉንም ስንፍና ነው አልኩ።

ፍልሰታ ሲገባ ስልክሽን አምጪ አልኳት። እኛ ከቅቤና ከሥጋ ስንከለከል እሷም ከስልኳ ተከልክላ ጽሑፏን በጭንቅላቷ ትያዘው ብዬ ነው። መምህሯ መልእክት የሚልኩት በቴሌግራም ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ።

«ቁም ነገር ከሆነ ሰው ይልካሉ» አልኳት።

እናቷ ዘመኑ እንደ እኔ ዘመን እንዳልሆነ ልታስረዳኝ ሞከረች፤ አልሰማኋትም። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ልጄም አልተከራከረችም፤ በእኛ ቤት አባት በሱባኤ ስም የተናገረው አይመለስም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ስልኩን ስትከፍተው ፊቷ ጠቆረ። ጽሑፏን መምህራን ፊት ቆማ የምታቀርብበት ቀን ተነግሮ፣ ደርሶ፣ አልፏል። ደጋግመው ደውለውላት ነበር። ከፍኖተ ሰላም መኪና ይዘን ዩኒቨርሲቲው ድረስ አብረን ሄድን። ለቢሮው ሰው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። አልተቆጣኝም።

«አባባ፣ ሁሉም የሚሰማው በዚያው በስልኩ ነው» አለኝና ለሚቀጥለው ዓመት ትመለስ ብሎ ጻፈላት። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ስንቱን ዓመት እንደበላብን ለሚያውቅ፣ የሚቀጥለው ዓመት ማለት ምን ማለት ነው?

ስንመለስ ምነው አጥብቀሽ በነገርሽኝ አልኳት።

«ነግሬዎት ነበር፣ አባዬ» አለች።

ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ አሳድጌያለሁ፤ ሲናገሩ ግን አልሰማሁም። ይህን ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ቀኖናው ቀላል ሆኖ ሲሰጠኝ ይበልጥ ከበደኝ።

ጓደኞቿ ተመርቀዋል። እሷ ቡሬ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥራለች። የተባለውም ዓመት መጥቶ አለፈ። ተመለሺ ስላት «እሺ» ትላለች፤ አትሄድም።