መሬት ላይ የሚነበብ ማስታወቂያ

ቀለሜዋ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ለወሬ ቀላል ነው፤ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ሳይቆም የሚያነበው ማስታወቂያ መሥራት። ለሥራ ግን እንዲህ የሚያንገበግብ ነገር የለም።

አንድ መንገደኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ዓይኑ ውስጥ ከገባበት ቦታ ተነስቶ ወረቀቱን እስኪያልፈው ድረስ ሰባት እርምጃ ያህል ይራመዳል። ይህን ማንም አልነገራትም። አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ቆማ የስልሳ ሰው እርምጃ ቆጥራ ነው የደረሰችበት። ሰባት እርምጃ ማለት አራት ሰከንድ ነው። በአራት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ነገር ሰው ጭንቅላት ውስጥ መግባት አለበት፦ ምን ሊወሰድብህ ነው፣ መቼ ትመጣለህ፣ የት ትመጣለህ። አራተኛ ነገር ከጨመርክ ሦስቱም ይፈስሳሉ።

ሊወሰድ የነበረው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው አዲስ ሕንፃ ሊያዛውረው አስቧል። ጉልበት ላለው ሰው ነገሩ የእግር ጉዞ ነው። የቀለሜዋ እናት ግን ስኳር አለባቸው፤ ግራ ተረከዛቸው ላይ ስምንት ወር ያልደረቀ ቁስል አለ፤ በየሁለት ቀኑ ታጥቦ መታሸግ አለበት። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን መንገድ በምርኩዝም ቢሆን ይችሉታል። ጎዳናውን ተሻግሮ ማዶ መድረስ ግን ለእሳቸው ሌላ አገር እንደመሄድ ነው። ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ እንዲናገር ሕጉ ያዛል። ነዋሪው ካልመጣ፣ ዝም ያለ ተስማማ ተብሎ ይጻፋል።

ቀለሜዋ ያሏት ትምህርት ስለዘለቃት አይደለም። ጥፍሮቿ ሥር በምንም ሳሙና የማይለቅ ጥቁር ቀለም ስላለ ነው። የምትሠራው ድሮ የመኪና ማቆሚያ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ያልደረቁ ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠላሉ። አሠራሩ ራሱ ደስ ይላል። በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት የሳሳ ጨርቅ ይወጠራል። ጨርቁ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል። ጽሑፉ ያለበት ስስ ወረቀት ላዩ ላይ ይደረግና መብራት ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ይደድራል፤ ፊደሉ የሸፈነው ቦታ ግን በውኃ ሲታጠብ ተከፍቶ ይቀራል። ከዚያ ቀለም አፍስሶ በላስቲክ መግፊያ አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ነው፤ ቀለሙ በፊደሉ ቀዳዳ ብቻ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን በአንድ ከሰዓት ሦስት መቶ ወረቀት ይወጣል። አንድ ወንፊት አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ማለት ነው። ይህ ጥቁር በኋላ ጉድ አመጣ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያው እንዳይነሳ ለተቋቋመው የሰፈሩ ኮሚቴ ያቀረበችው ናሙና ዘጠኝ ቃል ብቻ ነበረው። «ጤና ጣቢያችን ሊነሳ ነው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ይምጡ።»

የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት።

«ይኼ ራቁቱን ነው፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ሰው እንዲያነበው እኮ ነው።»

«ማን ጠራን ሲሉስ? ጠሪ የሌለው ጥሪ አለ?»

የዳቦ ቤቷ ባለቤት እትዬ ደግሞ ዳቦ ቤቱ ለስብሰባው ውኃ እንደሚያቀርብ ይጠቀስ አሉ። አንዱ የዝግጅቱን ዓላማ በአምስት ነጥብ አመጣ። ሌላው ያለፈውን ዓመት የጽዳት ዘመቻ ያመሰገነ መስመር አስገባ፤ ያኔ ተረስተው የተቀየሙ ሰዎች ስለነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ሃምሳውንም ሎሚ አንዲት ወረቀት ተሸከመችው። ቀለሜዋ እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ከፊቷ የተቀመጡት ሊቀመንበር ፊደል ያስቆጠሯት ሰው ናቸው፤ እትዬ ደግሞ እናቷ የታመሙ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ዳቦ የላኩ ሴት። ይሉኝታ ያዛት። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ከኪሳቸው የመታወቂያ ፎቶ አወጡ።

«እንዲያው ለማስታወስ ያህል፣ ከላይ መሃል ላይ ብታደርጊው።»

የመታወቂያ ፎቶ ሲተልቅ ጠርዙ ይሸራረፋል። ሽርፍራፊው እንዳይታይ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር አሰመረችበት። ከፎቶው ሥር፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው በጻፉት መሠረት፣ «ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሰፈራቸውን በቅንነት ያገለገሉ» የሚል ገባ። ከዚያ አምስቱ ነጥብ፣ ከዚያ ምስጋናው፣ ከዚያ ውኃው። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ታች ሲገፋ ሲገፋ የጉንዳን መስመር አከለ።

የተለጠፈ ዕለት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንዲት የሊቀመንበሩ የድሮ ተማሪ እያለቀሰች ቤታቸው መጣች። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ነበሩ።

«ወይኔ ጋሼ!» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል? ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ!»

እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ሰው መጣ። የጎረቤት ልጅ ከሌላ ከተማ ደውሎ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩ በአንድ ቀን የሰፈር ሳቅ ሆነ፤ ሊቀመንበሩ በመንገድ ሲያልፉ «እንዴት ነው እዚያ?» የሚላቸው አልጠፋም። ሐሙስ ዕለት አራት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ሃያ ሦስት ሰው መጣ፤ ከእነዚህ አራቱ ጥቁር ለብሰው ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ወንበሮቹን በዓይኑ ቃኘና «ነዋሪው ለጉዳዩ ያለው ፍላጎት አነስተኛ ነው» ብሎ ጻፈ። አንድ የመጨረሻ ስብሰባ ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ እንደሚኖር ተናግሮ ወጣ።

ቀለሜዋን ይህ አናደዳት። የበለጠ ያቃጠላት ግን በማግስቱ የኮሚቴው ስብሰባ ነው።

«ስህተቱ ያለው ክፈፉ ላይ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ጥቁር ክፈፍ ማን አድርጊ አለሽ?»

«ጋሼ፣ ፎቶውስ?»

«ፎቶው ምን አደረገ? ብቻውን ስለሆነ ነው ሬሳ የመሰለው። አሁን አምስታችንም እንውጣ፤ ፈገግ ብለን። አምስት ሰው በአንድ ቀን አይሞትም።»

«አውቶቡስ ተገልብጦ ነው የሚሉት!» አለች ቀለሜዋ። እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «እኔ እንኳ በግራ በኩል ነው የማምረው» አሉ።

ናሙናዎቿን ጠቅልላ ወጣች። ቤት ስትደርስ እናቷ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ፋሻቸውን ይፈታሉ።

«ፊትሽ ጠቁሯል።»

«ያ ወረቀት ነው፣ እማዬ። ሰው አላነበበውም።»

«የቱ ወረቀት?»

ቀለሜዋ ዞር ብላ አየቻቸው። «የቱ ወረቀት? ጤና ጣቢያው በር ላይ ሦስት ለጥፌያለሁ! በየሁለት ቀኑ በሥሩ አይደል የምታልፊው?»

«እኔ ስሄድ የማየው መሬት ነው፣ ልጄ። ቀና ካልኩማ እወድቃለሁ።»

ቀለሜዋ ጥፋቱን ሁሉ በኮሚቴው ላይ ጥላ ነበር የመጣችው፤ ዘጠኙ ቃል ሳይነካ ቢታተም ኖሮ ሰው ይመጣ ነበር ብላ። አሁን ዘጠኙም ቃል ለእናቷ እንደማይደርሳቸው ገባት። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ካለው ግንብ ላይ ተቀምጣ ቆጠረች፤ የመጀመሪያዎቹ አርባ ሰዎች ሲገቡ ወዴት ያያሉ? ሠላሳ አንዱ ወደ መሬት። በሽተኛ እግሩ የሚያርፍበትን ያያል፤ ሕፃን ያቀፈች እናት የድንጋዩን ጫፍ ታያለች፤ ሽማግሌው ምርኩዙን ይከተላል። በፌርማታው የቆጠረቻቸው ስልሳዎቹ ጤነኞች ነበሩ። ሰባቱ እርምጃ እውነት ነው፤ የተቆጠረው ግን የተሳሳተ ሰው ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያው መሬት ላይ ይጻፍ። ግን ምን? መሬት ላይ የሚያይ ሰው እርምጃ ይቆጥባል፤ ስለዚህ እርምጃውን ራሱን መጻፍ ነው። ከጤና ጣቢያው በር ተነስቶ እስከ አዲሱ ሕንፃ፣ በየመቶው እርምጃ አንድ ቁጥር። መቶ። ሁለት መቶ። ሦስት መቶ። በየቁጥሩ ሥር ደግሞ «ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሽ»። ሌላ ምንም።

መሬት ላይ ለመጻፍ ወንፊት አይሆንም፤ ፊደሉ ተቆርጦ የወጣለት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። ካርቶን ውኃ ሲነካው ይላሽቃል። መላ ያመጡት ቁስሉን የሚያሽጉት ሲስተር ናቸው፤ ጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ባለቤቶቹ ያልወሰዷቸው የድሮ ራጅ ፊልሞች ነበሩ። ፊልሙ በበረኪና ሲታጠብ የሰው አጥንት ይለቅና መስታወት መስሎ ይቀራል፤ በስለት ሲቆረጥ ደግሞ አይሸራረፍም። ቀለሜዋ ዜሮን እንደቆረጠች ከፍ አድርጋ በቀዳዳው አየችና ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ በኖራ ሞከረች፤ በዚያው ቀን ዘነበና አጠበው። በዘይት ቀለም እንዳትጽፍ ማዘጋጃ ቤቱ ንብረት አበላሸሽ ይላታል። ኖራውን ከእንጨት ሙጫ ጋር በጥብጣ ደገመችው፤ ያ ሁለት ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ይህንንም በማግስቱ የመንገድ ጠራጊዋ ሴትዮ ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጠርጋው አገኘቻት።

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው እኮ፣ የኔ እህት!»

«ቁጥር ነው፣ እህቴ፣ ቁጥር!»

«ታዲያ ቁጥር መሬት ላይ ምን ይሠራል?»

ነገሩን አስረድታት ሲያልቅ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ለኔም ልጅ ክትባት እዚያ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሮቹን ዞራ ትጠርጋለች። ሊቀመንበሩ ግን አልዞሩም።

«ሰው በጫማው የሚረግጠው ላይ? እኔን ሊረግጡኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ የሉበትም።»

«እሱ ነው እኮ!» አሉ በእጃቸው አየሩን እየመቱ። «እሱ ነው እኮ የምልሽ!»

ኮሚቴው ባለ አምስት ፎቶውን ወረቀት ሌላ ቦታ አሳተመ። እሷ ብቻዋን ቀጠለች። በራሷ እርምጃ ለክታ እስከ ማዶ ሺህ አራት መቶ አገኘችና ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ያንቺ እርምጃ ውሸት ነው። እዚያ በር ላይ የሚገባው አንቺ ነሽ እንዴ? በኔ ይቆጠር።»

«እማዬ፣ እግርሽ…»

«ሲስተርን ጠይቂ።»

ሲስተር ብዙ አሰቡና፣ ጫማው ልል ከሆነ፣ በቀን ሦስት መቶ እርምጃ፣ ከዚያ በላይ አንድም አይፈቀድም አሉ። እንግዲህ በየቀኑ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እናቷ ቆጥረው ይራመዳሉ፤ ቀለሜዋ ታጣፊ በርጩማና የኖራ ባልዲ ይዛ ከኋላ ትከተላለች፤ ሦስት መቶ ሲሞላ ባለሦስት እግሯ ባጃጅ መጥታ እናቷን ትመልሳለች። ከሰፈሩ ሰው አንዳንዱ ቁሞ ያያል። አንዳንዱ «ለቀብሩ ነው?» ብሎ ያፌዛል። አንድ ሽማግሌ ግን አራት መቶው ላይ ቆመው ሐሙስን ሁለት ጊዜ ድምፅ አውጥተው አነበቡት።

ስብሰባው ሰባት ቀን ቀርቶታል። ከኋላ የተጻፈው ሁለት መቶ በእግር ብዛት ደብዝዟልና እንደገና መሠራት አለበት። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ ሺህ ሦስት መቶ ላይ አውራ ጎዳናው ደረሱ። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ የሚሆነው ለሃያ ሰከንድ ነው። ቀለሜዋ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። እናቷ የመንገዱ መሃል አካፋይ ላይ ሲደርሱ መብራቱ ቀልቶ የጭነት መኪናዎቹ በሁለቱም በኩል መጉረፍ ጀመሩ።

«ስንት ሆነ?» አሉ እናቷ፣ ነፋሱ ቀሚሳቸውን እያንገላታው።

«ሃያ ስድስት። ገና ግማሽ ነው።»

«መቶ አልሞላማ። አይጻፍም?»

ቀለሜዋ በየመቶው ነበር ያሰበችው፤ አረንጓዴው የሚያልቀው ግን ሃያ ስድስት ላይ ነው። ወደ ቀዩ መብራት አየች፤ ከዚያ ወደ እናቷ እግር። በርጩማውን ዘርግታ አስቀመጠቻቸው። ሁለትና ስድስት የተቆረጡባቸውን ፊልሞች ከሌሎቹ ለይታ አወጣችና ጠባቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። ነፋሱ ፊልሙን ያነሳዋል።

«እማዬ፣ ጫፉን በምርኩዝሽ ያዥልኝ።»

«ይኸው ይዣለሁ። ፍጠኚ፣ መብራቱ ሊለወጥ ነው።»

«ይለወጥ» አለችና ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረች። «የሚቀጥለውን እንሻገራለን።»