የሂንከ የኋላ ማርሽ

ድምፅ ከተባለ የሂንከ ነው። በሆላንድ፣ ፍሪስላንድ በሚባለው አውራጃ፣ በዚያች የቦይ ዳር ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ዋና የተማረው በእሷ ጩኸት ነው። ገንዳው ዳር ቆማ «እግርህን ዘርጋ!» ስትል፣ ውሃ ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን ውጭ በብስክሌት የሚያልፈውም እግሩን ይዘረጋል እያሉ ያሟታል። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ ገበያ መሀል «ኧረ ቀስ!» ካለች ስንቱ ባለትዳር ጎልማሳ ባለበት ቀጥ ይላል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ያስደነገጠችውን ሰው መልሳ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ከረሜላ የምታቀብል ናት።

ባሏ ሪንደርት የእሷ ተቃራኒ ነው። ድልድይ ጠባቂ ነበር። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ያነሳል፣ ሲያልፍ ያወርዳል፤ በቃ። ቤት ሲገባም አፉን የሚከፍተው ለእራት ነው። ታዲያ ይህ ዝምተኛ ሰው በጋ መጥቶ ካራቫኑን፣ ያን ተጎታች ቤት፣ ከመኪናው ጋንቾ ጋር ሲያያይዝ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ያፏጫል። የአባቱን ኃይለኝነት፣ በልጅነቱ በረዶ ተሰብሮበት ቦይ ውስጥ የገባበትን ቀን፣ ሂንከን መጀመሪያ ሲያያት ምን ለብሳ እንደነበር የሚያወራው እዚያ መንገድ ላይ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሂንከ ባል ያላት በዓመት ስድስት ሳምንት ነበር። ለስድስት ሳምንት ባል ብላ ቀሪውን ወራት ችላ ኖራለች፤ እሷም ከፋኝ ብላ አታውቅም።

መኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ስቴሽን ናት። ልጃቸው ማሪት በኤሌክትሪክ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ግቢ በገባች ቁጥር «አሁንም ይህን ምድጃ አልሸጣችሁትም?» ትላቸዋለች። ሐሰት አይደለም፤ ጠዋት ሲያስነሷት ታስላለች፣ አንዳንድ ትልልቅ ከተማ ውስጥም በጭሷ ምክንያት እንዳትገባ ታግዳለች። ግን የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ከሥር ነው። አንድ ሙሉ ቤት ከነአልጋው፣ ከነምድጃው፣ ከነድንቹ ኋላዋ ታስሮ ዳገት ሲመጣ አትጮህም፣ አትንቀጠቀጥም፤ አንገቷን ደፍታ ትስባለች። ድንቹ ደግሞ የግድ ነው። ጀርመን አገር ድንች የጠፋ ይመስል፣ ከቤታቸው አንድ ጆንያ ድንች ሳይጭኑ የሚወጡ ሰዎች አይደሉም።

ባለፈው ክረምት ሪንደርትን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩም ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን ሰነፈ፣ ቃሉም ተደበላለቀ። ቁልፍ ለማለት ሹካ ይላል፤ ውሻውን በጎረቤት ስም ይጠራል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይስቁ ነበር። ቆይቶ እሱ መሳቁን ተወ፤ ከዚያ መናገሩንም ተወና መስኮት ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ ቦዩን ሲያይ መዋል ጀመረ። ሐኪሙ መንዳት ከለከለው። ለሂንከ ደግሞ «ያናግሩት፤ ዝም ካለ ቃሉ አይመለስም» አላት። ማናገሩንስ ታናግረዋለች፣ ግድግዳው ይሻል ነበር እንጂ። ያ ወንበር ባሏን እየዋጠው መሆኑን እያየች ሌሊት እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ «በጋ እንደ ድሮው ጀርመን፣ ሞዘል ወንዝ እንሄዳለን» አለችው።

«ማን ይነዳል?»

«እኔ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ? ካራቫን ጎትተሽ አታውቂም።»

«አንተስ ከእናትህ ሆድ ካራቫን ጎትተህ ነው የወጣኸው?»

ማሪት ይህን ስትሰማ ካራቫኑ ላይ ትንሽ ሞተር ይገጠምለት አለች። አሁን አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ከመኪናው ይፈቱትና በሪሞት ብቻውን ወደ ቦታው ይሄዳል። ሪንደርት በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታው። «ሪሞት ለቴሌቪዥን ነው!» ይህች ቃል ያለምንም ስህተት ወጣችለት። ከዚያ ወደ ሂንከ ዞሮ፣ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው እየታገለ «ካስገባሽው… እሰየው። ሰው ከገፋልን ግን… ይሸጣል። መኪናውም። ሁለቱም» አላት።

ሂንከ ሰውየውን ታውቀዋለች። ሠላሳ ምናምን በጋ ሙሉ ካራቫኑን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስገብቶ የሚጨበጨብለት እሱ ነበር። ይሸጣል ካለ ይሸጣል። ከተሸጠ ደግሞ ያ መስኮት ዳር ያለው ወንበር የዘላለም ቤቱ ነው።

ስለዚህ ልምምድ ጀመረች። የከተማው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ በጋ ላይ ባዶውን ስለሚተኛ፣ ሪንደርት እጁን ሊያሠሩት ሐኪም ቤት በወሰዱት ቁጥር እሷ ካራቫኑን እየጎተተች እዚያ ትሄዳለች። ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መሄድ የሰይጣን ሥራ ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሪ ጭራው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ስታዞሪ ወደ ቀኝ። ትንሽ ካበዛሽው ደግሞ መኪናውና ካራቫኑ እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ጀርባና ጎን ሆነው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ደግሞ ተነስታ ተሳደበች። በመጨረሻ ገባት። ሜዳው ላይ ሁለት ባልዲ አቁማ በመሀላቸው ሳትነካቸው አስገባችው፤ ከመኪናው ወርዳ ብቻዋን ዘለለች።

መንገዱ ከፈራችው በላይ ደግ ነበር። ከባድ መኪኖች ሲያልፏት ካራቫኑ ወዝወዝ ሲል መሪውን ጨምድዳ ትይዛለች፤ ያም ሆኖ ኮረብታው ሲጀምር ናፍጣዋ አጉረመረመችና ዳገቱን ይዛው ወጣች። ሪንደርት አጠገቧ ተቀምጦ ስፔኪዮውን ብቻ ያያል። አንድም ነገር አላወራም፣ አላፏጨም። የሚናገረው መንገድ ጠቋሚው መሣሪያ ብቻ ነበር።

ካምፑ ወንዙ ዳር ነው፤ ከበላዩ ወይን ዳገቱን ሞልቶታል። ቦታቸው የታወቀች ናት፤ ወደ ኋላ ሲገባ ከሹፌሩ በስተግራ የቶን ካራቫን አለ፣ በስተቀኝ የፖም ዛፍ። ቶን ከደቡብ፣ ከብራባንት የሚመጣ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሳቂታ ሰው ነው። ዘንድሮ ካራቫኑ ፊት አዲስ ሸራ ዘርግቶ በኩራት ከሥሩ ተቀምጧል። ካምፑ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ አዲስ መጪ ወደ ኋላ መግባት ሲጀምር ሰው ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል። ከቲያትር ይበልጣል። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ያመለክታል፤ ስንት ትዳር የተናጋው እዚያ ላይ ነው።

ከኋላ መቆም የሂንከ ሥራ ነበር። ዛሬ ሪንደርት ወረደና ሄዶ ቆመ። ቶን ሲያያቸው «ወይ ጉድ! ዛሬ አለቃዋ ሹፌር ሆናለች!» ብሎ ቢራውን አነሳላት። ሂንከ መስኮቱን ከፈተች፣ የኋላ ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች።

«ግራ!» አለ ሪንደርት።

ጭራውን ወደ ግራ ላከችው።

«ግራ! ግራ!»

ጨመረች። ቶን ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ኧረ ሴትዮ! ሚስቴ ሸራው ሥር ተኝታለች!» ሂንከ ፍሬን ረገጠች። ካራቫኑ የሸራውን ገመድ ሊበጥስ ትንሽ ነበር የቀረው። ወደ ፊት አውጥታ አስተካከለችና እንደገና ጀመረች። ሪንደርት ፊቱ ቀልቷል። «ግራ አልኩሽ እኮ!» አላት። እሷ ደግሞ ግራ አይደል እንዴ የሄድኩት ብላ ራሷን ተጠራጠረች፤ የተማረችው ሁሉ ከጭንቅላቷ በነነ።

«ቀኝ!» አለ አሁን። ጭራውን ወደ ቀኝ ላከችው። «ቀኝ!» አለ ድምፁ እየተሰነጠቀ። የፖም ዛፉ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ሲፍቀው እስከ ወንዙ ድረስ ተሰማ። ተመልካቹ «ውይ!» አለ በአንድ አፍ።

ይሄኔ ሁለት ጠና ያሉ ሰዎች እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። ክፋት የለባቸውም፤ የካምፕ ወግ ነው፣ የተቸገረን መግፋት። ቶንም «ፍቺውና እንግፋልሽ፣ ምን ችግር አለው!» አለ። ሪንደርት እጁን ጣለ። በስፔኪዮው ውስጥ አየችው፤ ያንኑ የወንበሩን ፊት ነበር የያዘው። ሂንከ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ማንም እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች።

የዋና አስተማሪዋ ድምፅ ነበር። ሰዎቹ እጅጌያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ወንዝ ላይ የነበረ አንድ ቀዛፊ እንኳ መቅዘፉን አቆመ።

«ሪንደርት፣ አንዴ ብቻ! ምራኝ!»

እጁን አነሳ። እሷም ወደ ኋላ ጀመረች። «ግራ!» አለ። ሂንከ በስፔኪዮው ትክ ብላ አየችው፤ አፉ ግራ ይላል፣ ደኅና የሆነችው ግራ እጁ ግን በደረቱ ላይ ተሻግራ የፖም ዛፉን፣ ቀኙን ነው የምታመለክተው። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሰውየው ሹካ ስጪኝ ሲላት እጁ የሚዘረጋው ወደ ቁልፉ ነበር፤ ስትሮኩ የበላው ምላሱን እንጂ ይህቺን ግራ እጁን አልነበረም።

መስኮቱን ዘጋችው። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የምታየው ያቺን እጅ ብቻ ሆነ። እጅ ወደ ቀኝ፣ ጭራው ወደ ቀኝ። እጅ ወደ ግራ፣ ጭራው ወደ ግራ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። እጁ ወደ ላይ ቀጥ ብላ መዳፏ ተዘረጋ፤ ፍሬን። ሞተሩን አጠፋች። ካራቫኑ በሸራውና በዛፉ መሀል ልክ ድሮ እንደሚቆመው ቆሟል።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሂንከ ወርዳ በሩ ላይ ተደገፈች። «እፎይ! እፎይ አምላኬ!» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። ሪንደርትም በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ምነው ቶን ባይመጣ። ቶን ቢራውን ይዞ እየሳቀ መጣና «አንቺስ ጉድ ነሽ! እሱ ግራ ሲልሽ ቀኝ፣ ቀኝ ሲልሽ ግራ! የኔዋም እንደዚሁ ናት፣ ግን የኔዋ አታስገባውም!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሪንደርት ፈገግታ ግን ከፊቱ ላይ ወረደች። ወደ ካራቫኑ ጀርባ ዞሮ ሄደ።

ሂንከ ስትደርስ የካራቫኑን መደገፊያ እግር ሊያወርድ አጎንብሷል፤ ግን መፍቻውን ይዞ አላዞረውም።

«ግራ ነው ያልኩሽ?» አላት ሳያያት።

ልትዋሸው ትችል ነበር፤ አሳዘናት። ግን ለዚህ ሰው የሚዋሸው ሁሉ ወንበሩ ላይ መልሶ እንደሚያስቀምጠው ታወቃት።

«አዎ። ግራ ነው ያልከው።»

«ቀኝ… ነበር።»

«እጅህ ቀኝ ነበር። እኔ እጅህን ነው ያየሁት። መስኮቱን ዘጋሁና እጅህን አየሁ።»

ሪንደርት ቀስ ብሎ ቀና አለ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብላ ደነገጠች። ሲዞር ግን እየሳቀ ነበር፤ ያ ከክረምት ወዲህ ጠፍቶ የነበረ ሳቅ፣ ከሆዱ።

«እኔም» አላት።

«ምን እኔም?»

«ስትጮኺ… ሁልጊዜ… እዘጋዋለሁ። መስኮቱን።» እየታገለ፣ እየሳቀ። «እጅሽን… አያለሁ።»

«አንተ ሌባ!» አለች ሂንከ። «ይሄን ሁሉ ዓመት! ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ?»

«ትጮኺያለሻ!»

ትከሻውን መታችው፤ ከዚያ እዚያው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከፊት በኩል የቶን ሚስት ነቅታ «ምን ሆነው ነው?» ስትል ተሰማ። ሪንደርት መፍቻውን አንስቶ አንዱን እግር በግራ እጁ አወረደ፤ እያወረደም ስለ አባቱ አንድ ነገር ማውራት ጀመረ፤ ግማሹ ቃል የተሳሳተ፣ ግማሹ የጠፋ፣ ግን ወሬ ነበር። ሂንከ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ የካራቫኑን ግድግዳ እንደ በሬ ጎን መታ መታ አደረገው።

«አምናም እዚሁ እንመጣለን» አላት።

ሂንከ አላረመችውም። «እንመጣለን» አለችው።